የሌለ ዛፍ ማር

እናንተ «ደን ይጠበቅ» ሲባል የምታጨበጭቡ፣ ከደኑ የሚባረረው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

የደን ጠባቂው ተድላ ማንኪራ ጫካ ውስጥ፣ ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ ገመድና ባዶ ባልዲ ወድቋል። ግማሹ ሰው «ማር ሊቆርጥ ወጥቶ ወደቀ» አለ። ማጅራቱ ላይ ያለውን ቁስል ያየው ግማሽ ግን ቡና ለቃሚዋን በዛወርቅን ጠረጠረ። እናት አባቷ ቡና ሲለቅሙበት ከኖሩት፣ አሁን «ጥብቅ ክልል» ከተባለው ጫካ ተድላ ሲያስወጣት ሰው ሁሉ እየሰማ ረግማዋለች።

ኢንስፔክተር ሔርሜላ ሰዉን አርቃ ሬሳውን ገለበጠች። ከደረቱ ሥር የነበሩት እጆቹ በነጭ ማር ተለቅልቀዋል። አንድም ንብ አልነደፈውም። እጆቹን ሸፈነች፤ ለማንም አልተናገረችም።

«ረግሜዋለሁ» አለች በዛወርቅ። «እርግማን ግን ማጅራት አይመታም! ‹ገተማ ዛፍ አለበት፣ አይነካም› ብሎ ከልጆቼ እንጀራ አስወጣኝ። እሁድ ግን ራሱ ቤቴ መጣ። ‹እትዬ፣ ይቅር በይኝ፤ ውስጡን ገብቼ አየሁት፤ ስጠብቅ የኖርኩት ጉቶ ነው› አለኝ። ቅዳሜ የሕዝብ ስብሰባው ላይ ሊናገር ነበር።»

ሔርሜላ ከዚያው ቀፎ ማር አስወርዳ ቦንጋ ገበያ ለማር ነጋዴው ለኑዕማን አቀረበችለት። በጣቱ ቀመሰ።

«ይሄ ቀይ ነው። ነጭ ማር የገተማ አበባ ይፈልጋል። ከዚያ ጫካ ነጭ ካየሁ ዓመታት አለፉ፤ የኔ ነጭ ከሌላ ጫካ፣ ከደካ በኩል ነው የሚመጣው።»

«ማን ይገዛዎታል፣ ጋሽ ኑዕማን?»

«ኧረ ስንቱ! የጥበቃ ፕሮጀክቱ ቢሮም ለእንግዳ ይወስዳል። ምነው፣ አንቺም አማረሽ?»

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ልዑልቃል በቢሮው ሻይ አስመጣላት። «ሰሞኑን ከቦንጋ አልወጣሁም» አለ።

«ገተማዎቹ ተቆርጠው ተጭነዋል ይባላል።»

«ወሬ ነው! በሪፖርታችን ቆመዋል። በሟቹ እጅ ላይ ያለው ነጭ ማር ምስክር አይሆንም?»

ሔርሜላ ሻዩን ሳትጠጣ አስቀመጠችው።

ቅዳሜ፣ ተድላ ሊናገርበት በነበረው ስብሰባ ላይ፣ በእሱ ፈንታ እሷ ቆመች።

«ተድላ አልወደቀም። ማር የቆረጠ ሰው ሳይነደፍ አይወርድም። ማሩን የቀባው ገዳዩ ነው። ታዲያ ለምን ነጭ? ቀፎው ያለው ቀይ ነው። ነጭ ማር የሚሸጡት ጋሽ ኑዕማን የማር ሰው ናቸው፤ እንዲህ አይሳሳቱም። እትዬ በዛወርቅም ገተማው እንደሌለ ከተድላ አፍ ሰምታለች፤ ነጭ አትቀባም። ነጭ ማር የሚያስፈልገው ዛፉ ቆሟል ብሎ ለፈረመ ሰው ብቻ ነው። የተድላን አፍ ዘግቶ ሬሳውን ምስክር ሊያደርገው ፈለገ። አቶ ልዑልቃል፣ እኔ የሸፈንኩትን እጅ የት አዩት?»

ልዑልቃል ሊወጣ ተነሣ። ሁለት ፖሊሶች ክንዱን ያዙት።

በዛወርቅ መንገዱን ዘጋች።

«ለተድላ ነፍስ ፍርድ ቤት ትጠየቃለህ። ለእኛ ግን እዚሁ ነው! ዛፉን ማን ቆረጠው? በኬላው ማን አሳለፈው? እኛን ከቡናችን ያስወጣችሁን ለየትኛው ዛፍ ነው? ሕዝብ ቆሟል፤ መልስ!»