«አትለምነኝ»

ወጥ ቤቷ ሻይ ይዛ ስትገባ ኮሎኔሉን ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው አገኘቻቸው። ደረታቸውን በጥይት ተመትተዋል። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተከፍቷል፣ እግራቸው በካልሲ ነው። ሽጉጥ ግን በክፍሉ ውስጥ የለም።

የመጣችውን መርማሪ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ጉንዳን» ይሏታል። አንዴ ከነከሰች ጭንቅላቷ ይበጠሳል እንጂ አትለቅም። የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበችው። የኮሎኔሉ ኒሻኖች ከጫማ ብሩሽና ከቀለም ቆርቆሮ ጋር ተደባልቀው ተጥለዋል። ሰውዬው ማዕረጋቸውን ከራሳቸው አስቀድመው ቀብረውታል።

ለምን እንደሆነ ከተማው ያውቃል። የፈትል ፋብሪካ ሠራተኞች የታሰሩ ጓደኞቻቸውን ለማስፈታት አደባባይ ሲወጡ፣ ተኩስ ሲባሉ ያስተኮሱት ኮሎኔሉ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እህልም እንቅልፍም አልረጋላቸውም። ነገ ጠዋት አጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርበው ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንደተኮሰ ሊናገሩ ነበር። አሁን ምስክርነቱ አብሯቸው ሊቀበር ነው።

የበሩ ጠባቂዎች ከቦታቸው አልተነቃነቁም፣ ከውጭም የገባ የለም። ቤት ውስጥ የነበሩት ሚስታቸው፣ ለምሳ የመጡት ጄኔራል፣ ወጥ ቤቷና ሻምበሉ ናቸው። ሻምበሉ የኮሎኔሉ የእህት ልጅ ነው፤ አሳድገው፣ አስተምረው፣ ረዳታቸው አድርገውታል። ሁሉም ወደዚያ ክፍል ዝር አላልንም አሉ። ሚስትየው ጋደም ብለው ነበር፣ ጄኔራሉ ሳሎን ተቀምጠው፣ ሻምበሉ ጓሮ መኪና ሲጠግን።

ወጥ ቤቷ ግን በሩ አጠገብ ስታልፍ ኮሎኔሉ ከእትዬ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ አለች። ወዲያው ጓ የሚል ድምፅ መጣ፣ በር መስሏት አለፈች። ሚስትየው አትናገር፣ ልጆቻችንን ያጠፉብናል እያሉ ባላቸውን ሲለምኑ እንደከረሙ የማያውቅ የለም። ጄኔራሉ ይህን እንደሰሙ ሚስትየዋ አሁኑኑ ትታሰር አሉ።

ጉንዳን ወጥ ቤቷን ማድ ቤት ድረስ ተከትላ ሄደች።

«የእትዬን ድምፅ ሰማሽ?»

«የሳቸውን እንኳ አልሰማሁም። የጌታዬን ነው።»

«እንግዲያው ያሉትን እንዳለ አምጪልኝ። አንቺ ምንም አትጨምሪበት።»

ወጥ ቤቷ ዓይኗን ጨፈነች። «‹በቃኝ። ነገ እናገራለሁ፣ አትለምነኝ› ነው ያሉት።»

ጉንዳን ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«‹አትለምነኝ› ነው የተባለው» አለች። «‹አትለምኚኝ› አይደለም።»

ጄኔራሉ ሳቁ። «ባል ሚስቱን ሲያቆላምጥ ‹አንተ› ሲል ሰምተሽ አታውቂም? አላገባሽም መሰለኝ።»

«አግብቼ ፈትቻለሁ። ለማቆላመጥ መዋደድ ይቀድማል።» ወደ ሚስትየው ዞረች። «እርስዎን ምን ብለው ነበር የሚጠሩዎት?»

ሴትዮዋ ቀና አሉ። «ከተኩሱ ቀን ወዲህ እንደ ባዳ ‹አንቱ› ነበር የምንባባለው። የሰው ደም መካከላችን ተኝቶ እንዴት ‹አንቺ› ይበሉኝ?»

«ስለዚህ ሲያናግሩ የነበሩት እርስዎን አይደለም። ጄኔራል፣ እርስዎንስ አለቃቸው ስለሆኑ ‹አይለምኑኝ› ነበር የሚሉዎት። ደግሞም ኮሎኔል የሆነ ሰው በካልሲ፣ ቁልፉን ከፍቶ አለቃውን አይቀበልም። እንደዚያ ሆነው የሚያናግሩት፣ ‹አንተ› የሚሉት ወንድ፣ በዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው። ያሳደጉት።»

ሻምበሉ እንደ ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አሁን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ጋሼ አብረን ሄደን አብረን እንናገር አሉኝ» አለ። «አደባባዩ ላይ መጀመሪያ የተኮስኩት እኔ ነኝ። እንደሚሰቅሉኝ ነገርኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እንቢ አሉ። ሽጉጡ ውኃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ነው።»

ጄኔራሉ ኮፍያቸውን አነሱ። ነገሩ የቤተሰብ ጠብ ነው፣ እዚሁ ያበቃል፣ ልጁን የራሴ ሰዎች ይወስዱታል አሉ።

ጉንዳን በሩ ላይ ቆመች። «የሳቸውን አፍ ዘጋኸው» አለችው ሻምበሉን። «ያንተስ?»

ሻምበሉ የአጎቱን ሚስት ፊት አየ። እሳቸው ፊታቸውን አላዞሩበትም። ቀስ ብሎ ወደ ጄኔራሉ ዞረ።

«ተኩሱ ያልከን አንተ ነህ።»

የጄኔራሉ ፊት ደም መሰለ። «ማንን ነው ‹አንተ› የምትለው?»

ሌላውን ቃል የሰሙት አይመስልም።

«ነገ ጠዋት ጉባኤው ፊትም» አሉ ሚስትየው፣ «ልክ እንደዚሁ አድርገህ በለው።»