ከፊርማዋ ሥር

«ይህን የፈረሙት እርስዎ ነዎት ወይስ አይደሉም?»

ጠበቃዋ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችው። ኮሌታ ጎንበስ ብላ አየችው። ፊርማው የራሷ ነው፤ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወረቀቱን ግን በሕይወቷ አይታው አታውቅም።

ነኝ ብትል ሌባ ልትባል ነው። አይደለሁም ብትል ውሸታም። 

ነገሩ የጀመረው ከሳምንት በፊት፣ ሰኞ ጠዋት ነበር።

ኮሌታ የሸሚዝ ስፌት ቤት ሠራተኛ ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ብቻ ስትሰፋ ስለኖረች በዚያው ስም ቀረች። ከአሥራ አንዱ ሴቶች በዕድሜ ትልቋ እሷ በመሆኗ ተጠሪያቸው አድርገዋታል፤ የአዳራሹ አንድ ቁልፍም እሷ ዘንድ ነው። ሌላው ቁልፍ የአሠሪያቸው ነው። አሠሪውን «ሳቂታው» ይሉታል። ሲከፍል ይስቃል፤ ሳይከፍልም ይስቃል። ሰባት ወር ደመወዝ ይዞ ሲስቅ ከረመና ከስሬያለሁ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ማክሰኞ የፍርድ ቤቱ ሰው መጥቶ ንብረቱን ሊመዘግብ ቀጠሮ ነበር። ንብረቱ ይሸጣል፤ ከሽያጩ መጀመሪያ የሚከፈላቸው ሠራተኞቹ ናቸው ተብሏል። ሴቶቹ በዚህ ተጽናንተው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኮሌታ በሩን ከፈተችና ክው አለች።

አሥራ ስምንቱም የስፌት መኪናዎች የሉም።

እግሮቻቸው የቆሙበት ቦታ ሲሚንቶው ላይ አራት አራት ንጹሕ ነጥብ ሆኖ ቀርቷል፤ ዙሪያው አቧራ ነው። የምትቀመጥባት ትንሽ ትራስ ማዕዘን ውስጥ ወድቃለች። መሐሏ ላይ የትልቅ ጫማ ዱካ አለ። የበሩ ቁልፍ አልተሰበረም። መስኮቱም አልተነካም።

«እትዬ፣ ምንድን ነው?» አለች ከኋላዋ የደረሰችው። እጅጌ የምትሰፋ ናትና ስሟም እጅጌ ነው።

«ባዶ ነው።»

«ባዶነቱንማ አየሁት። የት ሄዱ ነው የምልሽ! በእግራቸው አልወጡ!»

ፖሊስ መጣ። ጻፈ። «ቁልፍ ካልተሰበረ የወሰደው ባለቤቱ ነው። የራሱን ዕቃ የሚሰርቅ ደግሞ የለም» ብሎ ሄደ።

ስለዚህ ጠበቃ ፈለጉ። አንዷ የጆሮ ጌጧን ሸጠች፤ ሌላዋ ከአማቷ ተበደረች። የመጀመሪያው ጠበቃ እኔ የማውቀው ፍቺ ነው አላቸው። ሁለተኛው ጫማቸውን አይቶ ቀጠሮ የለኝም አለ። ሦስተኛዋ ሰው ሲከስር ገንዘብ የሚጠይቁትን ወገኖች ብቻ የምትወክል ሴት ናት። ቢሮዋ ከመለዋወጫ ሱቅ በላይ ነው፤ ደረጃው ግሪስ ግሪስ ይሸታል። አሥራ አንዱ ሴቶች በሦስት ወንበር ዙሪያ ቆሙ።

«እዚህ ለቅሶ አልሰማም» አለች ጠበቃዋ፤ ቀና ሳትል። «የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። እንደሠራችሁ የሚያሳይ ምን አላችሁ? ከመካከላችሁስ የምትዋሸኝ የትኛዋ ናት? ሁልጊዜ አንድ አትጠፋም።»

«ከኛ ውስጥ የለችም» አለች እጅጌ። «ለመዋሸት ራሱ ትርፍ ሰዓት ያስፈልጋል። እኛ መቼ አግኝተን!»

ሴቶቹ ሳቁ። ጠበቃዋ አልሳቀችም። የውክልናውን ወረቀት አወጣች።

መጀመሪያ የፈረመችው ኮሌታ ናት። በራሷ እጅ ጽፋ ነው። እስከ ዓምና ድረስ የምታውቀው አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ መጫን ነበር። የጎልማሶች ትምህርት ከገባች ወዲህ ግን ቀለም ነክታ አታውቅም። ፈርማ ስትጨርስ እጅጌ አጨበጨበችላት።

በአራተኛው ቀን ጠበቃዋ መልሳ ጠራቻቸው። ሳቂታው ለፍርድ ቤት ያቀረበውን ወረቀት ኮፒ በእጇ ይዛለች። ድምፅዋን ሳትቀይር አነበበችው።

«እኔ የሠራተኞቹ ተጠሪ፣ በሰባት ወር ደመወዛችን ምትክ አሥራ ስምንት የስፌት መኪና ተረክቤያለሁ። ከእንግዲህ ከአሠሪያችን የምንጠይቀው ነገር የለም።»

ከዚያም ወረቀቱን ወደ ኮሌታ ገፍታ የፈረሙት እርስዎ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀቻት።



«እትዬ?» አለች እጅጌ።

ኮሌታ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እትዬ፣ አይደለሁም በያ!»

«ፊርማው... የኔ ነው። ወረቀቱ የኔ አይደለም።»

«ዳኛ ፊት እንዲህ ካሉ ያስቃሉ» አለች ጠበቃዋ።

እጅጌ ከወንበሩ ጀርባ ወጣች። «አንቺ ሴትዮ፣ መኪኖቹን የት አደረግሻቸው? የኛን ላብ ለማን ሸጥሽው?»

እትዬነቷ እዚያው ቀረ። ደረጃውን ሲወርዱ አብሯት የወረደ የለም።

ጠበቃዋ ግን ሥራዋን አላቆመችም። በማግስቱ ኮሌታንና እጅጌን ይዛ ወደ ስፌት ቤቱ በር ሄደች። ሴቶቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት ዘበኛውን ነበር፤ ሰኞ ዕለት አዲስ ካፖርት ለብሰው ታይተዋል። ጠርጥረው ራቋቸው እንጂ የጠየቃቸው አልነበረም።

«ካፖርቱን በምን ገዙት?» አለች ጠበቃዋ።

«አልገዛሁትም። የወንድሜ ነው። ሞቶ ነው ያገኘሁት» አሉ ሽማግሌው። «ከፈለግሽ መቃብሩን ላሳይሽ።»

«መኪኖቹ ሲወጡ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። እሑድ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ። የጭነት መኪና መጣ፤ ሾፌሩ ወረቀት አሳየኝ። የተጠሪዋ ፊርማ አለበት፤ አውቀዋለሁ፤ በየጠዋቱ እዚች መዝገብ ላይ ትፈርማለች። በሩንም በቁልፍ ከፈቱ። ተጠሪዋ ከፈቀደች እኔ ማነኝ የምከለክል?»

«ቁልፉ የሳቂታው ይሆናላ!» አለች ኮሌታ።

«አይሆንም» አለች ጠበቃዋ። «እሱ ቁልፉን ለፍርድ ቤት ያስረከበው ከዚያ እሑድ በፊት ነው፤ ደረሰኙን አይቻለሁ። የቀረው የእርስዎ ቁልፍ ነው። የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ቤት። ከበሩ ኋላ፣ ምስማር ላይ።»

እጅጌ መሬት ላይ እንትፍ አለችና ጥላቸው ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዋናውን ወረቀት ለማየት ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሄዱ። ጠባብ ክፍል ነው፤ ፋይሉ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሠራተኛው ወረቀቱን አውጥቶ አስቀመጠላቸው። ኮሌታ ፊርማዋን በጣቷ ዳሰሰች።

ጣቷ ከዓይኗ ቀድሞ አወቀ።

ከፊርማው ሥር ወረቀቱ ይሻክራል። በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተሰልፈዋል። ኮፒው ላይ አይታዩም ነበር።

ልብስ ሰፊዎች ንድፍ ከወረቀት ወደ ጨርቅ የሚያሻግሩባት እጀታ ያላት ባለጥርስ ትንሽ ጎማ አለች። ኮሌታ መጻፍ ስትጀምር መስመር መጠበቅ አቃታት። ቀጥ ብላ የምታውቀው ስፌት ላይ ነውና ጎማዋን በነጭ ወረቀት ላይ አሽከረከረች፤ ቀዳዳዎቹን እየተከተለች ጻፈች። ቀናላት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ያለ ጎማዋ ጽፋ አታውቅም።

ይህን የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። ወረቀቱን ከቢሮ እያመጣች የምትሰጣት፣ የሳቂታው ጸሐፊ የሆነችው ልጇ።

«ከታች ፈርሚ እንጂ፣ እማዬ» ትላት ነበር። «ፊርማ ከታች ነው። ከላይ ለጽሑፉ ቦታ ይተዋል።»

የጻፈችባቸውንም ስትሰበስብ፣ «ለማስታወሻ ላስቀምጥልሽ» ትላለች። ኮሌታ ያንን በሰማች ቁጥር ደስታዋን የምታደርግበትን ታጣ ነበር።

ቁልፉ የተሰቀለበትም ቤት የሁለታቸው ነው። እጇን ከወረቀቱ ላይ አነሣች።

«ምን አገኙ?» አለች ጠበቃዋ።

«ምንም።»

ጠበቃዋ ቦርሳዋን ዘጋች። «እንግዲያው የምትዋሸኝ እርስዎ ነዎት። ነገ ሦስት ሰዓት ዳኛ ፊት እንቀርባለን። እዚያም ዝም ካሉ ውክልናዎን እመልሳለሁ፤ በአሥሩ ሴቶች ስም እርስዎን እከሳለሁ። እኔን የቀጠራችሁኝ እንዳዝን አይደለም።»

ልጇ ቤት ነበረች። ጠረጴዛው ላይ ሸሚዝ ትተኩሳለች።

«የልምምድ ወረቀቶቼ የት አሉ?»

«የቶቹ?»

«የፊርማዎቹ።»

«እኔ እንጃ። ተጥለው ይሆናል።»

«አንዱ ፍርድ ቤት ነው ያለው።»

ካውያው ቆመ። ሸሚዙ መሽተት ጀመረ።

«እማዬ፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ልጇ ካውያውን አነሣች። «አለቃዬ በሌላ ከተማ አዲስ ስፌት ቤት ሊከፍት ነው፤ በኔ ስም። ሥራ አስኪያጅ እሆናለሁ። መኪኖቹ እዚህ ቢሸጡ ግን ገንዘቡ ለናንተ ተበታትኖ ያልቃል። አንቺ አሥራ ስድስት ዓመት ሰፍተሽ ምን አተረፍሽ? የጎበጠ ጀርባ!»

«አሥሩ ሴቶችስ?»

«ምኔ ናቸው?»

«እኔስ? እኔም ምንሽም አይደለሁ?»

ልጇ አንገቷን አቀረቀረች። «ማንበብ አትችልም፣ ተታልላ ነው ብለው ይተዉሻል አለኝ። እውነቱን እኮ ነው። ካንቺ ማንም ምንም አይጠብቅም፣ እማዬ።»

«አሁን አነባለሁ» አለች ኮሌታ።

ልጇ ሳቀች። «በሰዓት አንድ መስመር!»

ኮሌታ የተቃጠለውን ሸሚዝ አነሣች፣ አጠፈችው፣ አስቀመጠችው።

ጠዋት ፍርድ ቤት ስትደርስ ጎማዋ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች። አሥሩ ሴቶች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አጠገቧ የተቀመጠ የለም። ሳቂታው ከፊት ነው፤ ይስቃል። ልጇ ከጎኑ ናት።

ኮሌታ ነጭ ወረቀት ስጡኝ አለች። ጎማዋን አሽከረከረችበት። ቀዳዳዎቹን ተከትላ ፈረመች። ጊዜ ወሰደባት፤ ዳኛው ጠበቁ።

ጠበቃዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ብርሃን በቀዳዳዎቹ ገባ። ጎማዋ አንድ ጥርሷ የተሰበረ ነው፤ በዞረች ቁጥር አንድ ክፍት ቦታ ትዘላለች። በአዲሱም በአሮጌውም ወረቀት ላይ ክፍተቱ በእኩል ርቀት ይመጣል።

«ይህ ውል አይደለም» አለች ጠበቃዋ። «የመማሪያ ወረቀት ነው። ፊርማው ቀድሟል፤ ጽሑፉ በኋላ ተሞላበት።»

ዳኛው ወደ ኮሌታ ዞሩ። «ባዶውን ወረቀት ማን ወሰደው?»

ይኼኛውን ጥያቄ መመለስ ትችላለች።

«ልጄ።»

«አልሰማሁም። ጮክ ብለው ይናገሩ።»

«ልጄ ናት! የሆዴ ልጅ!»

ያን ቀን የሳቂታው ቢሮ ተፈተሸ። በጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ከታች የኮሌታ ፊርማ ያለባቸው ስድስት ባዶ ወረቀቶች ተገኙ። መኪኖቹ በሌላ ከተማ በተከራዩት መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ኪራዩ በልጅቷ ስም ነው። የጭነቱ ደረሰኝም በልጅቷ ስም ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ ሳቂታው ለመርማሪው፤ ፊቱ ፈገግ እንዳለ። «ጸሐፊዬ ወረቀት አመጣችልኝ፤ አመንኳት። እናትና ልጅ የተነጋገሩት መስሎኝ።»

ልጅቷ ይህን የሰማችው እዚያው ተቀምጣ ነው። እስክትወጣ ድረስ ዓይኗን ከሰውዬው ላይ አላነሣችም። ሰውዬው አንዴም አላያትም።

መኪኖቹ በጨረታ ተሸጡ። ጠበቃዋ ሴቶቹን ከሳቂታው ገንዘብ ከሚጠይቁት ባለሱቆችም ከባንክም አስቀድማ አስከፈለች፤ የራሷንም ድርሻ ወሰደች። ኮሌታን ስታሰናብት፣ «በአንድ ቀን ዘገዩ እንጂ ጥሩ ምስክር ነዎት» አለቻት። እጅጌ ደረጃው ሥር ጠብቃት «እትዬ...» ብላ ጀመረች። ኮሌታ አልፋት ሄደች።

ሳቂታው በዋስ ወጣ። በቀጠሮው ቀን አልመጣም። ድንበር ተሻግሯል አሉ።

ልጅቷ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደባት። ኮሌታ በየሳምንቱ እሑድ እስር ቤት ትሄዳለች። የጠያቂዎች መዝገብ ላይ ስሟን ራሷ ትጽፋለች፤ አሁን ያለ ጎማ መስመሩን ትጠብቃለች። ልጅቷ አንዳንድ እሑድ ልታያት ትወጣለች፤ አንዳንድ እሑድ አልወጣም ትላለች።

ሳቂታው ሄደ። የቀረችው ልጇ ናት።