የሚስተር ኦካዳ ያልወጣ ዜና

ይህን የነገረችኝ ብርነሽ ናት። ለቀልድ እንኳ የማትዋሽ፣ ከቸርች የማትቀር ሴት ናት። ስለዚህ እንደሰማሁት ልንገራችሁ።

ባለፈው የካቲት ነው። ኮሎምበስ፣ ክሊንተንቪል የሚባለው ሰፈር። ጠራራ ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ከአስር።

ብርነሽ የሆም ኬር ሠራተኛ ናት። የምትንከባከባቸው ሚስተር ኦካዳ የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት ጃፓናዊ ናቸው። በአገራቸው የትልቅ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበሩ። ልጃቸው ሥራ ስትሄድ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ይቀራሉ።

በዚያ ቀን... ሽማግሌው ከባዶው ሶፋ ፊት ቆመው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።

በጃፓንኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ።

እርጅና ነው ብላ አለፈችው።

በማግስቱም በዚያው ሰዓት... ያንኑ ቃል።

በሦስተኛው ቀን ሶፋውን ልታስተካክል ሄደች። መቀመጫው ሦስት ቦታ ላይ ጎድጉዷል። እያየችው... ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እጇን አሳረፈችበት።

ይሞቃል።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። በበረዶው ላይ የእሷ ዱካ ብቻ ነው ያለው።

«ማን ነው የሚመጣው?» አለቻቸው በሹክሹክታ።

«አባት፣ እናት... የስድስት ዓመት ሴት ልጅ።»

«ምን ፈልገው?»

«ዜናው መቼ እንደሚወጣ ሊጠይቁኝ።»

ከዚያ ነገሯት። አንድ ኩባንያ የሚሠራው የቤት ማሞቂያ መርዘኛ ጋዝ ያፈስ ነበር። ኩባንያው ያውቃል። ማስረጃው ሚያዝያ ላይ እሳቸው እጅ ገባ። ኩባንያው ግን በየቀኑ ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ የሚያወጣ ደንበኛቸው ነው። ሌሎቹ ጋዜጦችም ቴሌቪዥኖችም ሰምተዋል... ቀድሞ ለመናገር የደፈረ አልነበረም። እሳቸውም ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

«እነዚህ ሰዎች ማሞቂያውን የገዙት ከዚያ ከሰባት ወር በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው» አሉ። «የእኛን ማስታወቂያ አይተው።»

«ከዚያስ?»

«ተኙ። አልነቁም።»

ድምፃቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። አልቅሰው የጨረሱ ሰው ድምፅ ነው።

አንድ ኤንቨሎፕ ሰጧት። «በእንግሊዝኛ ጽፌዋለሁ። ለብዙዎች ላክሁ፤ የመለሰልኝ የለም። ማሞቂያው ዛሬም ይሸጣል። አንቺ ሞክሪ።»

እሑድ ከቸርች በኋላ ፓርኪንግ ላይ ለዮአብ ሰጠችው። ዮአብ ለኮሎምበስ ሐበሻ ዜና የሚያቀርብበት የዩቲዩብ ቻናል አለው።

ሁለት ገጽ አነበበ። ዙሪያውን አየ።

«እትዬ ብርነሽ... ይሄ እኮ እዚህ ፋብሪካ ያለው ኩባንያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስፖንሰሮቼ ናቸው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞስ... ሔርሞን እዚያ አይደል እንዴ የምትሠራው?»

ሔርሞን ልጇ ናት። ሥራ ከያዘች ገና ሦስት ወሯ ነው፤ ከነኢንሹራንሱ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራዋ።

ብርነሽ ኤንቨሎፑን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እጇ የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ሰኞ ሽማግሌው ጠየቋት።

«ሰጠሽልኝ?»

«በሚቀጥለው ሳምንት» አለች።

ሚስተር ኦካዳ ወደ ሶፋው አመለከቱ።

«እኔም እንደዚያ ነው የምላቸው» አሉ። «በየቀኑ።»

ስምንት ሰዓት ከአስር ሆነ። ሶፋው አልጎደጎደም። ሽማግሌውም አልተነሱም።

«ዛሬ እኔ ጋ አልመጡም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ወንበራቸው ላይ እንዳሉ... እንቅልፍ ወሰዳቸው። እሷ ካወቀቻቸው ጀምሮ ቀን ተኝተው አያውቁም።

ሺፍቷ ሲያልቅ ወጥታ መኪናዋን አስነሳች።

የቀበቶው ማስጠንቀቂያ ጮኸ።

እሷ ቀበቶዋን አስራለች። ቀዩ ምልክት የበራው የኋላ ወንበሮቹ ላይ ነው።

ሦስቱም ላይ።

በመስታወቱ አየች። ማንም የለም። የኋላ መስኮቶቹ ግን ከውስጥ በትንፋሽ ጭጋግ ለብሰዋል።

አልጮኸችም። «በኢየሱስ ስም» ማለት እንኳ አልመጣላትም።

«ቀበቶ እሰሩ» አለች።

ቀጭ...

ቀጭ...

ሦስተኛው ዘገየ። እየሞከረ ይንሸራተታል... ትንሽ እጅ እንደከበደው።

ብርነሽ ዞራ አላየችም። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ... አሰረችላት።