የማዶው ትምህርት ቤት

«አንዱን ዓይንሽን ጨፍኚና በሌላው እዪ» አላት የሳይንስ መምህሩ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ በማይክሮስኮፑ አየች። መጀመሪያ የታያት ጭጋግ ብቻ ነበር። መምህሩ ከጎን ያለውን ቁልፍ ቀስ አድርጎ ሲያዞርላት ግን ያቺ ስስ የሽንኩርት ልጣጭ እንደ ጡብ ግንብ ተደርድራ ብቅ አለች። በእሷ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የሚታወቀው በመጽሐፍ ሥዕል ነው፤ እሱም ገጹ ግማሹ ተቀድዷል።

እሷና «ሬዲዮ» የሚሏት ጓደኛዋ ወንዙን ተሻግረው የመጡት ለአንድ ቀን ነው። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ያሉትን ሁለት ትምህርት ቤቶች አወዳድሮ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን በአንዱ ብቻ ሊያስቀር አስቧል። ከየትምህርት ቤቱ ሁለት ሁለት ልጆች ሌላኛው ጋ ውለው፣ ያዩትን በወላጆች ስብሰባ ላይ እንዲናገሩ ተባለ። እነሱን በጽሕፈት ቤቱ መኪና፣ በሩቁ ድልድይ አዙረው ነው ያመጧቸው።

መምህሩ ፊቷን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «የሱ እህት ነሽ አይደል?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

የማን ብላ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ታላቅ ወንድሟ ቤተ ሙከራውን ብሎ እዚህ ነበር የሚማረው። ባለፈው ዓመት ዝናቡ የበረታ ጊዜ፣ ወደ ቤት ሲመለስ ውሃ ወሰደው። ራሷን ነቀነቀች።

መምህሩ ወንድሟ ይቀመጥበት የነበረውን ቦታ አሳያት። አሁን ሌላ ልጅ ተቀምጦበታል፤ ልጁ ወሬውን ሰምቶ ጠጋ አለላት። ተቀመጠች። ወንድሟ ከክፍሉ ሁሉ መጨረሻ የሚወጣ ልጅ እንደነበር፣ በሩ ሊቆለፍ ሲል እንኳ ትንሽ ብቻ እያለ ይለምን እንደነበር ነገራት። የዚያን ቀንም እንደዚያው ነበር አለ፤ ከዚያ ወሬውን አቋርጦ ማይክሮስኮፑን መወልወል ጀመረ።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ስፌቷን ድንገት ታቆምና፣ ሰማዩ ጠቁሮ እያየ ምን አስቀረው ትላለች፤ ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው። ልጅቷ ዛሬ መልሱን አገኘችው። ይዛው ቤት መግባት ግን ከበዳት።

በማግስቱ የራሷ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም። የሒሳብ መምህሩ ከለቀቀ ወዲህ ሒሳብ የሚያስተምረው ራሱ ነው፤ ጠመኔው ከእጁ ሳይራገፍ ቢሮ ይገባል፣ ከቢሮ ደግሞ ወደ ክፍል ይሮጣል። ክፍሎቻችንን እንዳታዘጊብን ብሎ ለመናት። እናትሽንም አስቢያት አለ። እውነቱን ነው። ክፍሎቹ እንዳይዘጉ ደጅ ለደጅ ዞራ ወላጆችን ያሰባሰበችው እናቷ ናት። ከተዘጉ የቀረቻት አንዲት ልጅ ያንን ውሃ ልትሻገር ነው።

ወደ ስብሰባው ሲሄዱ ሬዲዮ እጇን ያዘቻት። «ነገር አታካብጂ» አለቻት። «ሁለቱም ያው ናቸው ብለሽ ተገላገዪ። ማን ሊያጣራ ነው? እናትሽን ደግመሽ አትግደያት።»

ሬዲዮ ቀድማ ተነሳች። አንዴ ከጀመረች የሚያስቆማት የሌለው ልጅ፣ ያን ቀን ሁለቱም ያው ናቸው ብላ ቁጭ አለች። ወላጆቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ ልጅቷ ቆመች። እናቷ ከፊት ወንበር ላይ እጆቿን አጣጥፋ ታያታለች።

«የማዶው ይበልጣል» አለች።

ርዕሰ መምህሩ አቀረቀረ።

«መምህር አልጎደለባቸውም። ቤተ ሙከራ አላቸው። ወንድሜ ያን ቀን የቆየው ሲጫወት አይደለም፤ ትምህርቱ አልለቅ ብሎት ነው። ግን መንገዱንም አወዳድሩልን። ስለሱ የጠየቀን የለም።»

ከጽሕፈት ቤቱ የመጣችው ሴትዮ ቀና ብላ አየቻትና ይታሰብበታል አለች። ውሳኔው ሲመጣ ሰባተኛና ስምንተኛ ወደ ማዶ ተዛወሩ። ስለ አዲስ ድልድይ የተባለው ጥናት ላይ ነው የሚል ብቻ ነበር።

ሬዲዮ ትምህርት ቤታችንን በላሽው ብላ ራቀቻት። እናቷ ግን አኮረፈች አይባልም። ምግቧን ታቀርብላታለች፣ ልብሷን ታጥብላታለች፤ ቃል ግን ከአፏ የሚወጣው በስንት መከራ ነው። ልጅቷም ይቅርታ ልትላት ትነሳና፣ ለትምህርት ቤቱ ይሁን ለወንድሟ፣ ለየትኛው እንደምትል ግራ ገብቷት ትቀመጣለች።

አንድ ቀን ከሰዓት ቤት ስትገባ የስፌት መኪናው ዝም ብሏል። እናቷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የወንድሟን የትምህርት ቤት ሸሚዝ በምላጭ ትተረትራለች። እስከዚያ ቀን ያንን ሸሚዝ ከሳጥኑ ያወጣው ሰው አልነበረም።

«ነይ፣ ቁሚ» አለቻት።

ስፒሎች በከንፈሯ እንደያዘች ሸሚዙን በልጅቷ ጀርባ ላይ ዘረጋችው። ትከሻው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ልጅቷ ዞር ብላ አላየቻትም፤ ካየቻት ሁለቱም እንደማይችሉት ታውቃለች።

«በድልድዩ ዞሬ ነው የምሄደው» አለች ወደ ግድግዳው እያየች።

«ሩቅ ነው። ጎህ ሳይቀድ መነሳት ነው።»

«እነሳለሁ።»

እናቷ «ሰማዩ ከጠቆረስ?» አለች።

ልጅቷ ያቺን ክፍል አሰበች፤ መምህሩ ቁልፉን ሲያዞር ድንገት ጥርት ያለውን ነገር አሰበች።

«የጀመርኩትን ትቼ እወጣለሁ፣ እማ። ከሁሉም ቀድሜ።»

እናቷ አንድ ስፒል ከከንፈሯ አወጣች።

«ክንድሽን ዘርጊ» አለቻት።

ዘረጋች።