«ተመለስ» የሚለው ድምፅ

ማክሰኞ ጧት ሬሳው ከግጦሹ ሲነሳ አጠገቡ የነበሩት የሟቹ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጃቸው፣ ድሮ የቤቱ እረኛ የነበሩት ሰውና ሁለት ፖሊሶች ናቸው። መርማሪዋ ስትደርስ እረኛው እጃቸው በካቴና ታስሮ ነበር።

ሟቹ የከብቶቹ ባለቤት ናቸው። የገደላቸው ሻምበል የሚሉት ኮርማ ነው፤ ረግጧቸው አለፈ።

«ከብቶቹን በስልክ ማገድ ስንጀምር ይህ ሰውዬ ከሥራ ወጣ» አለ ልጁ። «ቂም ይዞ ኮርማውን አስቆጣው። መጀመሪያ ሬሳው አጠገብ የተገኘውም እሱ ነው።»

«ጩኸት ሰምቼ ነው የሮጥኩት፣ እትዬ» አሉ እረኛው ለመርማሪዋ። «ትናንት ማታ ‹ነገ ና፣ ወደ ሥራህ ትመለሳለህ› ብለውኛል። ምን ቆርጦኝ እገድላቸዋለሁ?»

መርማሪዋ የግጦሹን በር ተመለከተች። የሟቹ ሽማግሌ ከዘራ ተሰቅሎበታል።

«አባታችሁ ያለ ከዘራ ይሄዱ ነበር?»

«ኧረ እሳቸው! ሽንት ቤትም ይዘውት ነው የሚገቡት» አለች ሴት ልጅየዋ። ልትስቅ ብላ አለቀሰች።

«ይህ በስልክ ማገድ የምትሉትስ?»

ልጁ ፊቱ ፈካ። «ግጦሹን የሚከፋፍል አጥር የለንም። ስልኬ ላይ መስመር አሰምራለሁ። ላሟ መስመሩ ጋ ስትደርስ የአንገቷ ቀበቶ ጆሮዋ ሥር ቀስ ብሎ ጢጥ ይላል። ካልተመለሰች በኮረንቲ ይነዝራታል። ከለመዱት ዓመት ስለሆናቸው አሁን ድምፁ ብቻ ይበቃቸዋል።»

«እስቲ አሳየኝ።»

አንዲት ቀይ ላም ፊት መስመር አሰመረ። መርማሪዋ ጠጋ ብላ አዳመጠች። ቀበቶው ጢጥ አለ። ላሟ ሣሯን መጋጧን ሳታቆም ወደፊት ተራመደች፤ ነዘራትና ዘለለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ ሆነች።

መርማሪዋ ወደ እረኛው ዞረች። «ሽማግሌው ከብቶቹን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?»

«‹ተመለስ› ብቻ። ድሮ በዚያች ቃል እየተግተለተሉ ይመጡላቸው ነበር። አሁን አሁን ግን ሲጠሯቸው ይደነብራሉ። ‹ስላረጀሁ ናቁኝ› ይሉኝ ነበር።»

ጥቂት ቆይታ ሁሉንም በረቱ ፊት ሰበሰበቻቸው። ሴት ልጅየዋ አባቷ በስልክ የላኩላት የድምፅ መልእክት ካለ እንድትከፍት ጠየቀቻት። ልጅቷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

«ልጄ፣ አትቆዪ፤ ቶሎ ተመለሽ።»

ከብቶቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉና በአንድ ላይ ሸሹ። በረት ውስጥ የታሰረው ሻምበል ሣንቃውን በእግሩ ደበደበ።

«ዓመት የለመደች ላም ጢጥ ሲል መመለስ ነበረባት» አለች መርማሪዋ። «አልተመለሰችም፤ ድምፁን አታውቀውም። የምታውቀው የአባትህን ‹ተመለስ› ነው። እሱን ቀድተህ ቀበቶው ላይ ጫንከው። ድምፃቸው ይጠራል፣ ኮረንቲው ይከተላል። በገዛ ድምፃቸው ከከብቶቻቸው ጋር አጣላሃቸው።»

«ከብቶቹ ስለሚሰሟቸው ነው የቀዳሁት። ክፋት የለበትም» አለ ልጁ።

«ስትቀዳው አልነበረበትም ይሆናል። ሲደነብሩባቸው ግን አይተሃል። እረኛው ኮርማ ማስቆጣት ይችላሉ እንበል፤ ሽማግሌው ከዘራቸውን ሰቅለው እንዲገቡ ማድረግ ግን አይችሉም። ባዶ እጃቸውን እንዲገቡ ያደረጋቸው ማን ነው?»

ሴት ልጅየዋ ወንድሟን አየችው።

«ጋሼ፣ ትናንት ራት ላይ እኔ ፊት አይደል ያልካቸው? ‹ሻምበልን ያለ ዱላ፣ በድምፅዎ ብቻ በረት ካስገቡት ቀበቶውን ሁሉ እፈታለሁ፤ እረኛዎንም እመልሳለሁ።› አባዬ ደስ ብሏቸው ምግቡን እንኳ ረስተውት ነበር።»

«ኮርማውን ጥግ አስይዘው ጠሩት» አለች መርማሪዋ። «ኮረንቲው መጣብኝ ብሎ ፈረጠጠ። መውጫው ደግሞ እሳቸው የቆሙበት ነበር።»

«ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ሥራ ሊያፈርሱብኝ ነበር» አለ ልጁ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እንዲያፍሩ ብዬ ነው እንጂ እንዲሞቱ አልነበረም።»

«ጩኸታቸውን እረኛውም ሰሙ፣ አንተም ሰማህ። እሳቸው ሮጡ። አንተ የቀበቶውን ‹ተመለስ› በጢጥታ ቀየርክ። አባትህ ወድቀው ሳለ መጀመሪያ ያነሳኸው ስልክህን ነው።»



ካቴናው ከእረኛው እጅ ተፈትቶ ልጁ እጅ ላይ ገባ። ከሰዓት በኋላ የከብቶቹ ቀበቶ ሁሉ ወለቀ። እረኛው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ከብቶቹን በፉጨት እንጂ በቃል አይጠሩም። ሴት ልጅየዋ የአባቷን መልእክት መስማት ስትፈልግ መስኮቱን ትዘጋለች።