ከፍሪጁ ወዲያ ያለው ክፍል

ትኬት ሻጯን አጎቷ «ቦቅቧቂት» ይሏት ነበር። አልዋሹባትም። የገዛ ጥላዋ ግድግዳ ላይ ቀድሟት ሲሄድ ቆም ብላ የምታሳልፍ ልጅ ናት። እንዲህ ያለች ሰው አስፈሪ ፊልም በሚታይበት አዳራሽ ምን ትሠራለች ቢሉ፣ አዳራሹ የአጎቷ ነው፤ ሥራ ደግሞ አይመረጥም።

አዳራሹ አንድ ደንብ ነበረው። ተመልካች ሲወጣ በር ላይ ቁራጭ ወረቀት ይሰጠዋል፤ የተሰማውን ጽፎ ካርቶን ውስጥ ይጥላል። ዓርብ ጠዋት አጎትየው መነጽራቸውን ሰክተው ያነባሉ። ያመሰገነው ከበለጠ ፊልሙ ይሰነብታል፤ የሰደበው ከበለጠ ይወርዳል፤ አማላጅ ቢመጣም አይሰሙም። ወረቀቱን በየቀኑ የምትለየው ቦቅቧቂት ናት።

በዚያ ሰሞን የሚታየውን ፊልም የሠራው አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ ነበር። የሠራውም ሊጠግናቸው በተቀበላቸው ፍሪጆች፣ በእናቱ ቤትና በጓደኛው ካሜራ ነው። አንድ ሰውዬ ውሃ ሊጠጣ ፍሪጅ ይከፍታል፤ ውስጡ ክፍል አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ፍሪጅ አለ። በገባበት ሁሉ አንድ አልጋ እየተራመደ ይከተለዋል። ቦቅቧቂት ያየችው እስከዚህ ድረስ ነው። አልጋው መራመድ ሲጀምር ሮጣ ትኬት ቤቷ ገባችና ከውስጥ ቆለፈች። መጨረሻው ክፍል ውስጥ የሰውዬው እናት ነጭ አንሶላ ተከናንባ እንደቆመች የሰማችው ከተመልካች ወሬ ነው።

ጠጋኙ በየቀኑ ከሰዓት የትኬት መስኮቱ ላይ ክርኑን ያስደግፋል።

«እስቲ ዛሬ ምን አሉኝ?»

«‹ይሄ ፊልም ከሆነ የእኔም ማድቤት ሲኒማ ነው።›»

«ተቀብያለሁ። ቀጥይ።»

«‹አልጋውን የሚጎትተው ሲባጎ ይታያል። የሚጎትተው ሰው ግን አይታይም። ከዚያ ወዲህ የምተኛው መሬት ላይ ነው።›»

«ይሄ ሰው ገብቶታል!» ብሎ ሳቀ።

«‹እኔም አልገባኝም፣ ባለቤቴም አልገባትም። ግን ቤት ስንደርስ ፍሪጁን አንተ ክፈት፣ አንቺ ክፈቺ ስንባባል ሳንበላ አደርን።›»

እየሳቁ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ቦቅቧቂትን ከአልጋው ይበልጥ ያስፈራት ነበር። ወዳዋለች። ለእሱ መንገር ደግሞ የማይታሰብ ነገር ነው፤ እስካሁን አብሯት የሚቆመው ወረቀቱን ብሎ ይሁን እሷን ብሎ አታውቅም።

ሐሙስ ማታ ቆጠረች። የሰደቡት በሦስት ይበልጣሉ። ነገ ፊልሙ ይወርዳል፤ ፊልሙ ከወረደ ክርኑን መስኮቷ ላይ የሚያስደግፍበት ምክንያት አይኖረውም።  እስክሪብቶ አነሳችና፣ ጽሕፈቷን አጎቷ እንዳይለዩት፣ በግራ እጇ አራት ወረቀት ጻፈች። በአራተኛው ላይ ምስጋና አለቀባት። ያቺ ሴትዮ አንሶላ እንደተከናነበች መቅረቷ ሆዷን ስላባባው ገለጠችላት። «መጨረሻ ላይ እናትየው አንሶላውን ገልጣ ‹ምሳ በልታችኋል?› ስትል አለቀስኩ» ብላ ጽፋ ካርቶኑ ውስጥ ጨመረችው።

ዓርብ ማለዳ፣ አጎቷ ሳይመጡ፣ ጠጋኙ መጣ። የገዛ ውሸቷን ጮክ ብላ ለማንበብ ስላፈረች፣ ዛሬ አንተው አንብብ ብላ ወረቀቶቹን ሰጠችው። ፈገግ እያለ ያነብ ጀመር። አንዷ ወረቀት ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ተመልካች ነዋ።»

«ይሄ ፊልሙ ውስጥ የለም።» ድምፁ ቀጠነ። «አንሶላ ውስጥ የቆመችው የገዛ እናቴ ናት። ስንቀርጽ መሃል ላይ ገለጥ አደረገችና ልክ እንዲህ አለች፤ ‹ምሳ በልታችኋል?› ‹እማዬ፣ አበላሸሽው እኮ!› ብዬ ጮህኩባት። ያን ቦታ ቆርጬ አወጣሁት። በወሩ ሞተች። እዚያ የነበርነው እኔ፣ እሷና ካሜራ የያዘው ጓደኛዬ ነን፤ እሱ ፊልሙ ሳይታይ ነው አገር ለቆ የሄደው።»

ቦቅቧቂት ጠረጴዛው ላይ ያረፈ ግራ እጇን አየችው። የሌላ ሰው እጅ መሰላት። ቀስ ብላ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው።

«ተቀይማኝ ነው» አለ። «ቤቱ ውስጥ ድምፅ እሰማለሁ። አንድ ሳምንት ሆነኝ፣ ወርክሾፕ ነው የማድረው። እዚህ ድረስ መጣችብኝ ማለት ነው።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ፊልሙ ይሰነብታል፤ እሱም መመላለሱን አይተውም። ግን ጠጋኙ ከኋላው ሰው የቆመ ይመስል ዞር ዞር ይል ነበር፤ ፍርሃትን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

«ምን?»

«እንዳይወርድብህ ብዬ። አራት ወረቀት ጻፍኩ። ፊልምህንም እስከ መጨረሻው አላየሁትም።»

«ታዲያ ያለችውን እንዴት አወቅሽ?»

«አላወቅኩም። እናት አይደለችም እንዴ? ሌላ ምን ትላለች?»

 ጠጋኙ ወረቀቷን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ይጮህብኛል ብላ ነበር የፈራችው፤ ዝምታው ግን ባሰባት። አጎቷ ሲመጡ የቀሩትን ሦስት ወረቀቶች ለይታ እውነቱን ተናገረች።

«አንቺ ቦቅቧቂት» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለመዋሸት ሲሆን ድፍረቱ ከየት መጣ?» ፊልሙንም ያኔውኑ አወረዱት።

አራት ቀን መስኮቱ ላይ የተደገፈ ክርን አልነበረም። ማታ ማታ የራሷን ፍሪጅ መክፈት አቃታት። ከወዲያ በኩል አንዲት ሴት ቆማ «በእኔ አፍ ማን ተናገሪ አለሽ?» የምትላት እየመሰላት፣ ውሃውን ከቧንቧ መጠጣት ጀመረች።

በአምስተኛው ቀን፣ አዳራሹ ገና ሳይከፈት፣ የትኬት ቤቱ በር ተንኳኳ።  ከፈተችው። ጠጋኙ ላፕቶፕ ታቅፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ሳይተኛ እንደሰነበተ ያስታውቃል።

«የቆረጥኩትን አላጠፋሁትም» አላት። «እናቴ ስትናገር እሰማለሁ፤ የእኔ ጩኸት ሲመጣ እዘጋዋለሁ። ከዚያ በኋላ ፊቷ ምን እንደሆነ አይቼው አላውቅም። እይልኝ።»

«እኔ? አልጋ ሲራመድ አይቼ የሮጥኩት?»

«ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም። ተቀይሜሻለሁ፤ ግን ሌላ ሰው በሐሳቤ አልመጣልኝም።»

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቦቅቧቂት ማጫወቻውን ነካች። የፍሪጅ መብራት፣ ነጭ አንሶላ። አንሶላው ተነቃነቀ። እግሮቿ ወደ በሩ ሊወስዷት ሲሉ ወንበሩን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ምሳ በልታችኋል?» አለ የአሮጊት ድምፅ። ቀጥሎ የእሱ ጩኸት መጣ። የጠጋኙ ትከሻ ግድግዳው ላይ ሽምቅቅ አለ። ቦቅቧቂት ግን ዓይኗን አልነቀለችም። ደቂቃ ያህል ካየች በኋላ አቆመችው።

«ሳቀች» አለች።

«ማን?»

«እናትህ። በአንሶላው አፏን ይዛ ሳቀች። ‹እሺ ጌታው፣ ይኸው ሞትኩልህ› ብላ ተመልሳ ተከናነበች። እስኪያልቅ ድረስ አንሶላው በሳቅ ይርገፈገፋል።»

አልዞረም። «አታባብዪኝ። አንዴ ዋሽተሽኛል።»

ቃሉ ልቧ ውስጥ ገባ፤ ግን እውነቱን ነው።

«እንግዲያው ዞረህ ራስህ እይ።»

«እፈራለሁ።»

«እኔም እየፈራሁ ነው ያየሁት። ስወድህም እየፈራሁ ነው። ና፣ አብረን እንፍራ።»

ይህን ማለቷን ራሷም ያወቀችው ካለችው በኋላ ነው። ጠጋኙ ቀስ ብሎ ዞረ። ክፍሏ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ጠጋ ብላ ግማሹን ለቀቀችለት። ሲቀመጥ ትከሻው ትከሻዋን ነካ። እጁን ያዘችና በሌላው እጇ ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

መብራቱ በራ፤ አንሶላው ተገለጠ፤ አሮጊቷ ሁለቱን ፊት ለፊት አየቻቸው።

«ምሳ በልታችኋል?»

ጩኸቱ ሳይደርስ ጠጋኙ ቀደመው።

«አልበላንም፣ እማዬ» አለ።