በር እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ

እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚለኝን ሁሉ «መጀመሪያ ዓይንህን ተመርመር» ነው የምለው፣ ልጆቼንም ያሳደግኩት ያላዩትን እንዳያወሩ፣ ያላረጋገጡትን እንዳያስተላልፉ እየተቆጣሁ ነው። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፣ የቀረውን ሁሉ፣ ኮምፒውተሩንም ጭምር፣ ለብቻዬ ተማርኩት፣ ስለዚህ የማምነው ወረቀት ላይ ያለውን ነው፣ የሚደርሰኝን ኢሜይል እንኳ አትሜ ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ። አትሳቁብኝ፣ ይህ ልማድ ባይኖረኝ ኖሮ «ተሳስቼ ይሆናል» ብዬ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቀልድ ነው። ቀልዱን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

አሰላ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ ንጉሤ የሚባል የአርቦዬ ሰው መዝገብ ቤቱን ይይዝ ነበር፣ ዝምተኛ፣ ደብዳቤ ካልተጻፈበት በስተቀር ምንም ነገር የሆነ የማይመስለው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቀን ንፋስ በሩን ዘጋበት፣ የውስጡ መያዣ ተሰብሮ ስለነበር መውጣት አቃተው፣ ከቆይታ በኋላ ከበሩ ሥር አንድ ወረቀት ወጣ፦ «ጉዳዩ፦ በር እንዲከፈትልኝ ስለመጠየቅ»። ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። ከፈትኩለት፣ ከዚያም ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነገሩን አሳመርኩት፣ ኃላፊው ወረቀቱ ላይ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ብሎ በበሩ ሥር ሲመልስለት፣ ሰውዬው ደግሞ ከውስጥ «ማኅተም የለውም» ብሎ ሲያስወጣው፣ እንዲህ እያደረግኩ ለአምስት ሰው በኢሜይል ላክሁት። በማግስቱ ንጉሤ በኮሪደሩ ባለፈ ቁጥር ሰው ሁሉ «ተመርቷል!» ይለው ጀመር።

ያልጻፍኩት ነገር አለ። ንጉሤ አስም ነበረበት፣ የጻፈው መጮህ ስላቃተው ነው። ይህን አውቅ ነበር፣ በሩን ስከፍት ትንፋሹ እንደ ፉጨት ይሰማ ነበር፣ ግን አስሙ ከገባበት ቀልዱ አያስቅም። በዓመቱ ተዛውሮ አርቦዬ ገባ፣ እዚያው አረፈ ሲሉ ሰማሁ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

ቀልዱ ግን አልሞተም። አንዴ ባንክ ውስጥ የሆነ ተብሎ መጣልኝ፣ አንዴ ሮቤ ላይ የሆነ ተብሎ፣ አንዴ ደግሞ ሰውዬው ሴት ሆኖ፣ ከሥሩ የላኪዎቹ አድራሻ ገጽ ሙሉ ተደርድሮ፣ የእኔ ብቻ ተቆርጦ ወድቆ።

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ፣ አዳማ የምትሠራው ትልቋ ልጄ ሲፈን «አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ሳቅ» ብላ ያንኑ ቀልድ ላከችልኝ። ማመልከቻው መጨረሻ ላይ የማላውቀው መስመር ተጨምሮበታል፦ «ልጄ እንዳትሰማብኝ»። አትሜ ፋይሌ ውስጥ አስገባሁት፣ ለእሷም «በሰው ችግር መሳቅ ነውር ነው» ብዬ መለስኩላት። አዎ፣ እኔ ነኝ ይህን የጻፍኩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ አንድ የቆየ ፋይል ልፈልግ መዝገብ ቤት ገባሁ። የጭላሎ ተራራ አይታይም፣ ጉሙ እስከ ግቢው ወርዷል፣ መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼዋለሁ። በሩ ተዘጋ። ንፋስ አልነበረም፣ ልብ በሉ፣ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚዘጋው ነው የተዘጋው። መያዣው ከተቀየረ ዓመታት ሆኖታል፣ ስይዘው ግን ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ፣ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር የወጣው ሹክሹክታ ነው። በሩን ደበደብኩ፣ ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደና የእኔን ድምፅ ዋጠው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ነው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፣ መደርደሪያዎቹ ወደ እኔ የተጠጉ ይመስለኝ ጀመር፣ እመኑኝ፣ ፈሪ አይደለሁም፣ ግን አየሩ እያነሰኝ መጣ። በመጨረሻ ወረቀት አወጣሁ። ጥበቃው እንዲያገኘው «በሩን ይክፈቱልኝ» ብዬ ጻፍኩና፣ ሲፈን ይህን ብትሰማ ምን ትላለች የሚል ሐሳብ መጣብኝ፣ እጄ በራሱ አንድ መስመር ጨመረበት።

ወረቀቱን በበሩ ሥር ገፋሁት። ግማሹ ሳይወጣ ከወዲያ በኩል ተሳበ።

«ኦቦ ቱፋ?» አልኩ፣ ጥበቃው መስሎኝ። ከበሩ ማዶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ወለሉ አጠገብ፣ አንድ ትንፋሽ ይሰማል፣ ሲገባም ሲወጣም የሚያፏጭ። ከዚያ ወረቀቱ ተመልሶ ገባ። በቀይ እስክሪብቶ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ይላል። ያንን ወደ ግራ ያዘነበለ ጽሕፈት በየፋይሉ ሽፋን ላይ ስንት ዓመት አይቼዋለሁ።

በሩ ሲከፈት የቆመው ጥበቃው ኦቦ ቱፋ ነበር፣ ካፖርቱ ዝናብ ያንጠባጥባል።

«ማል ታኤ፣ ጋሽ ሙላት! ምን ሆኑ?»

«ቅድም እዚህ ማን ነበር?»

«ማንም። እኔም አሁን ነው ከጥበቃ ቤት የወጣሁት።»

«ታዲያ እዚህ መሆኔን በምን አወቁ?»

«ሰው ይስቅ ነበር» አለኝ፣ ኮሪደሩን ግራ ቀኝ እያየ። «ብዙ ሰው። በቅዳሜ ምን ስብሰባ አለ ብዬ መጣሁ።»

ጠረጴዛዬ ጋ ሄጄ ያተምኩትን ኢሜይል አወጣሁ፣ ከወረቀቴ ጋር አስተያየሁት። የራሴ እጅ የጨመረው «ልጄ እንዳትሰማብኝ» ነበር፣ ቃል በቃል።

እንግዲህ ልጆቼን እውነት ተናገሩ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያኔውኑ ለሲፈን ደወልኩ።

«ያንን ቀልድ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት፣ አስሙንም፣ አምስቱን ሰዎችም፣ ሁሉንም ነገርኳት።

«ትቀልዳለህ፣ አባዬ።»

«እኔ ቀልጄ አውቃለሁ?»

«ልጆች ሳለን የጎረቤታችንን አካሄድ ቀድተን ስለሳቅን እኮ ግማሽ ቀን አንበርክከኸናል።»

«አውቃለሁ። ይቅር በይኝ።»

«እኔ የምልህ...» ብላ ልትቀጥል ስትል አቋረጠች፣ የኮምፒውተሯ ድምፅ ተሰማኝ። «ቆይ፣ አሁን ደግሞ መጣ። ያው ቀልድ ነው፣ ረዝሟል። ሰውዬው ይወጣና ለልጁ ይደውልላታል።»

«አታንብቢው!»

«የምትመልስለትም ተጽፏል» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «አባዬ፣ አሁን ልልህ የነበረው ይሄንኑ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ እንደ ወትሮው በየእሁዱ ትደውላለች፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ ትጠይቀኛለች፣ ያንን መልስ ግን ከአፏ አላወጣችውም፣ ስጠይቃት «ከተጻፈ በኋላ ብናገረው የእኔ አይመስልህም» ትለኛለች። ኢሜይሉን ያኔውኑ ልካልኛለች፣ እስካሁን አልከፈትኩትም፣ ማሽኑን ባበራሁ ቁጥር በደማቁ ከላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል።

እሱ ግን እየዞረ ነው። ለእናንተም ደርሷችሁ ይሆናል፣ ከደረሳችሁ ልጄ ምን እንዳለችኝ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።